የታኒ ሌንቺ ባሩድ ሻይ የሆነ ለታ

ረቡዕ ጠዋት ታኒ ሌንቺ የባሩድ ቆርቆሮዋን ከፍታ ሚዛኑ ላይ ስታዘነብል የወረደላት ደረቅ ቀይ የሻይ ቅጠል ነበር።

ያውም ደህና ሻይ። አሽትቼዋለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ፣ የታጠቡትን ባዶ ቀለሆች እንደ ጥርስ ደርድሬ ስጠብቅ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ላይ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ እሷ ባሩዱን ትመዝናለች፣ እኔ ቀለሁ ውስጥ እጨምራለሁ፣ እሷ ደግሞ አረሩን ጫፉ ላይ ትተክላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በእርሻዋ አሮጌ የወተት ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተን። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። አራት መቶ በግ አላት። በከተማችን በብራክፑት የስድስት መቶ ሜትር የዒላማ ውድድር ዘጠኝ ጊዜ አሸንፋለች፤ ከተማው በሙሉ ታኒ፣ አክስቴ፣ እያለ ይጠራታል፤ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈቻቸውም ጭምር።

ሻዩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስቶፈል» አለችኝ፤ «ባሩዴን የት አደረስከው?»

አልፈርድባትም። ባለፈው ዓመት የባለ ሥጋ ቤቱን የኦም ጌርትን የባሩድ ቆርቆሮ በስኳር የተካሁት እኔ ነኝ። ካቻምና ደግሞ የሁለቱን ዳኞች መነጽር ጠርዙን በጫማ ቀለም ቀብቼው፣ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ክብ ይዘው ሲፈርዱ ውለዋል። እዚህ ከተማ አንድ ነገር ሲጠፋ ሰው ኪሱን ከመፈተሹ በፊት እኔን ይፈትሻል።

ያ ባሩድ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። ፋብሪካው ከተወው አራት ዓመት ሆኖታል። ታኒ ሌንቺ ለዚህ ውድድር ብላ ግማሽ ቆርቆሮ ቆጥባ ነበር። የከተማው መሸጫ መደርደሪያ ደግሞ ከሁለት ወር ጀምሮ ባዶ ነው፤ ሸረሪት እንኳ ድሯን አድርታበት ብትጠብቅ፣ የሚያዝ ቢጠፋ ለቃ ሄዳለች። ቅዳሜ ውድድር ነው፤ ባሩድ ከሌለ ታኒ ሌንቺ አትተኩስም።

ማልኩላት። ስምል ደግሞ ፊቴ የሚዋሽ ይመስላል፤ እናቴም ትለኝ ነበር።

«ባሩዴ እስኪገኝ ይህን ደፍ እንዳትረግጥ» አለችኝና ለፖሊስ ደወለች።

*

ኢንስፔክተር ኬኔይልዌ ሞላሌ ከኩሩማን ተዛውራ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያለች፣ ሻይዋን በአራት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ሴት ናት። መጀመሪያ «እርስዎ» እያለች ጠየቀችኝ። ማክሰኞ የት ነበሩ ስትለኝ፣ የታኒ ሌንቺን የንፋስ ፓምፕ ሳድስ ንፋሱ አንስቶኝ ጎረቤት እርሻ ላይ አሳርፎኝ ነበር አልኳት። ከዚያ በኋላ «አንተ» ሆንኩ።

ከታኒ ሌንቺ ያገኘችው ይህን ነው። ሰኞ ማታ ቆርቆሮው ተከፍቶ ታይቷል፣ ባሩድ ነበረበት። የባሩድ ሣጥኗ ቁልፍ ከባርኔጣዋ ሥር ተሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ይህን ደግሞ የማያውቁት በጎቹ ብቻ ናቸው። ማክሰኞ እርሻው የገባው ሰው የታወቀ ነው። ጠዋት ኦም ጌርት የሚታረድ በግ ሊወስድ መጥቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ ፓምፑ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ፓስተር ዊናንድ ስምንት አሮጊቶች ይዘው ለጸሎት መጡ፤ አሮጊቶቹ ከወንበር ለመነሳትም ሁለት ሁለት ሰው የሚፈልጉ ናቸው።

ኢንስፔክተሯ ዞር ዞር ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከጠረጴዛው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ታኒ ሌንቺ ለጥይቷ ስንት ባሩድ እንደምትመዝንና ጥይቷ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የምትጽፍበት ነው። ሁልጊዜ ሽፋኑ ወደ ሰው ነው የሚዞረው። ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ሌባው አንብቦታል» አለች።

እኔ ማንበብ አያስፈልገኝም፣ ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ አልኩ። ታኒ ሌንቺ ይህንስ እውነቱን ነው አለች፤ ልቤ ገና መለስ ሲል ግን፣ ሰው ለማሳሳት ሆን ብሎ ገልብጦት ይሆናል ብላ ጨመረች። ሠላሳ ዓመት አብሮህ የኖረ ሰው ተንኮልህን ካንተ በላይ ያስብልሃል።

ኢንስፔክተሯ ውሳኔዋን በር ላይ ነገረችኝ። ባሩድ መስረቅ በግ እንደ መስረቅ አይደለም፣ ሕጉ ከባድ ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ ሌላ ሌባ ካልተገኘ ወደ ወረዳው ከተማ ይዛኝ ትሄዳለች። እስከዚያ ግን እሷ ስለ ባሩድ ምንም አታውቅምና አብሬያት በፖሊስ ፒክአፑ እየዞርኩ አስተምራታለሁ።

«አጠገቤ ከሆንክ ሌላ ተንኮል አትሠራም» አለችኝ። «ለእያንዳንዱ ውሸት አንድ ሌሊት እስር ቤት። እየቆጠርኩ ነው፤ በንፋስ የበረርክባት አንድ ተብላለች።»

ሦስት ቀን ሳልዋሽ። ከእስሩ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

*

መንገድ ላይ አስተማርኳት። ባሩድ ሁሉ ይነዳል፤ ልዩነቱ ጥድፊያው ላይ ነው። ፈጣኑ እንደ አማት ቁጣ ነው፣ ቱግ ይልና ያልቃል። ዝግተኛው እንደ ሚስት ኩርፊያ ነው፣ አረሩን ከኋላ እየገፋ እየገፋ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ይሸኘዋል። ረጅም ርቀት ለሚተኩስ ሰው ዝግተኛው ነው የሚመረጠው። ዝግተኛውም ቢሆን ጠባዩ ይለያያል። አንዳንዱ ጠዋት በቅዝቃዜ ጨዋ ይሆንና ቀትር ላይ ሲሞቀው ያብዳል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ ይጣበቃል፣ ማቀባበያው አልከፈት ይላል። ለዚህ ነው በመጋቢት ውድድር ላይ ተኳሹ ሁሉ የእንጨት መዶሻ ይዞ የሚመጣው። የታኒ ሌንቺ ባሩድ ግን ጠዋትም ቀትርም አንድ ጠባይ ነው። አሥራ አራት ዓይነት ሞክራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅታ ነው የመረጠችው። ባሏን የመረጠችው በአንድ ቅዳሜ ነበር።

«ይቺስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይቺ እውነት ናት። ራሷ ነግራኛለች።»

ከተማው ስንደርስ በቀጥታ ወደ ኦም ጌርት ሥጋ ቤት ሄድን። ኦም ጌርት ዘጠኝ ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። ኢንስፔክተሯ ባሩዱን የሚያስቀምጥበትን ክፍል እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ ከደረቀው ሥጋ ጀርባ ያለ ሣጥን ከፈተ። ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የታኒ ሌንቺ ዓይነት ቆርቆሮ። ቀለሙም ጽሑፉም ያው።

ኦም ጌርት ፊቱ እንደ ጉበት ቀላ። እኔ በልቤ መደነስ ጀምሬ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ነጭ ወረቀት አንጥፋ ጥቂት አፈሰሰችበትና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዋሸት ብችል ኖሮ። የታኒ ሌንቺ ባሩድ እርሳስ ተቆራርጦ የተከተፈ ይመስላል፣ ቀጭን ቀጭን እንጨት ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ግን ፈረሶቻችን የሚቀለቡትን ጤፍ የመሰለ ድብልብል ፍሬ ነው።

«አይደለም» አልኩ፤ ሳልወድ በግዴ።

ኦም ጌርት ተናዘዘ። ቆርቆሮውን ባዶውን ከቆሻሻ ላይ አንስቶ የራሱን ባሩድ ገልብጦበታል። ውድድር ላይ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሌሎቹ አይተው የሌንቺን ባሩድ አገኘ ብለው ልባቸው እንዲደማ። ባሩድን ከራሱ ቆርቆሮ ወደ ሌላ ቆርቆሮ መገልበጥ በእኛ ዘንድ ከዝሙት እኩል ነው፤ አንድ ቀን የተሳሳተ ሰው ዓይኑን ያጣበታል። ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ማክሰኞስ? ማክሰኞ በጉን ጭኖ በቀጥታ ወደ ከብት ጨረታ ነው የሄደው፤ እስከ ማታ እዚያው ነበር። ምስክር? አርባ ሰው። ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ አንገቱን ነቀነቅ ሲያደርግ ጨረታ መሪው ዋጋ የጨመረ መስሎት፣ አህያ ገዝቶ ተመልሷል።

ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ የፈጠርኩት ታሪክ መስሏት። ጓሮ ሄደን አየን። አህያው አለ።

ስንወጣ ለደንቡ ያህል የጥይት ደብተሩን ለማየት ጠየቀችው። ያላንዳች ማንገራገር አውጥቶ እጇ ላይ ጣለው። ገረማት። የዘጠኝ ዓመት ምስጢር እንዲህ በነጻ?

«ውሰጂው የኔ እመቤት» አላት። «እኔ ራሴ የማላምነውን አንቺ ብታነቢው ምን ትሆኛለሽ?»

ቀስ እያለ አስረዳት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ደብተር ለእንግዳ ነው። እውነተኛውን ልክ ደብተር ላይ የሚጽፍ ባለ ጠመንጃ ብራክፑት ውስጥ አልተወለደም። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ስትዋሽ አሳንሰህ ነው እንጂ አብዝተህ አትጽፍም። የሰረቀህ ሰው ይሸነፍ እንጂ ዓይኑ አይጥፋ። ይህን አባት ለልጁ ይነግራል፣ ጠመንጃ ሲያወርሰው።

ፒክአፑ ውስጥ ስንገባ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«የታኒ ሌንቺም ደብተር እንዲሁ ነው?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ለታኒ ሌንቺ ልኩን ለማንም ላልናገር ምያለሁ። ለዚህችኛዋ ደግሞ ላልዋሽ። በመስኮት ወደ አህያው አየሁ። አህያው ወደ እኔ አየ።

«ዝም ማለትህ በቃኝ» አለችና ሳቀች። በሦስት ወር ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

*

ሐሙስ ፓስተር ዊናንድ ዘንድ ሄድን። ከትልቁ ከተማ ከኬፕ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቀጭን፣ ደግ፣ ጢንዚዛ እንኳ ሲያገኙ በወረቀት አፍሰው ውጭ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ለከተማው ሰው ለመቅረብ ብለው ጠመንጃ ገዝተዋል፤ ግን አይሆንላቸውም። ጥይት መሙላትንም ከመጽሐፍ ነው የተማሩት። ታኒ ሌንቺ አንዴ በሰው ፊት፣ ፓስተራችን ሲሰብኩም ሲተኩሱም ዳር ዳሩን ነው ብላቸዋለች።

ሻይ ቀዱልን። ቀይ ሻይ። ኢንስፔክተሯ ሲኒውን አየችው፣ እኔም አየሁት፤ ግን እዚህ አገር ቀይ ሻይ የሌለበት ቤት የለም፤ ጣቢያው ራሱ ሁለት ካርቶን አለው። ፓስተሩ ማክሰኞ የት የት እንደነበሩ ተናገሩ፤ ጸሎት መርተዋል፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል፣ አሮጊቶቹን በየቤታቸው አድርሰዋል። ከዚያ ስለ እኔ ጠየቁ። እውነት ያስሩታል? መቼ? ሲኒዬ ሞልቶ እየፈሰሰም ይቀዱ ነበር። ለሌባው ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ልቡ እንዲለሰልስ፣ ድፍረት እንዲያገኝ። ልቤ ተነካ። ለእኔ እንዲህ የጸለየልኝ ሰው የለም።

ስንወጣ ኢንስፔክተሯ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከተለጠፈው የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ፊት ቆመች። የፓስተሩ ስም አለበት። ባለፈው እሑድ፣ ባሩዴ አልቋል፣ መደብሩም ባዶ ነው፣ ዘንድሮ አልወዳደርም ብለው ነበር። ተመልሳ ጠየቀቻቸው።

«ተገኘ» አሉ ፓስተሩ፤ ጎንበስ ብለው።

አትልፊ፣ አልኳት እኔ መኪና ውስጥ። ለፓስተር ሰው የማይሰጠው ነገር የለም፤ የበግ ታፋ ይሰጣቸዋል፣ ማርማላታ ይሰጣቸዋል፣ ባለፈው ዓመት ጥርስ የሰጣቸው ሰው አለ። አንዱ ባሩድ ቆንጥሮ ሰጥቷቸው ይሆናል። እንዲህ ስል አልዋሸሁም። አመንኩበት። ሳልዋሽ የዋልኩበት ሁለተኛው ቀን ስለነበር አእምሮዬ ትንሽ ተዛብቶ ነበር።

ዓርብ ኢንስፔክተሯ ወደ ታኒ ሌንቺ ብቻዋን ገባች። እኔ አጥር በር ላይ ቆሜ ከበጎቹ ጋር ቀረሁ። የተባለውን በኋላ ነው የነገረችኝ።

የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ፍጥነትም ውሸት ነው ወይ? ታኒ ሌንቺ ተቆጣች። ስለ ፍጥነት ማን ይዋሻል? ፍጥነቱን አይታ ነው ማነጣጠሪያዋን የምታስተካክለው። ፍጥነቱ የእግዜር እውነት ነው። የባሩዱ ልክ ብቻ ነው የተቀነሰው፤ ስንት እንደተቀነሰ ደግሞ ለፖሊስም ለሐኪምም አትናገርም፣ ብትታሰርም።

«ስንት ነው አላልኩም» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «አንድ ሰው ባሩዱን በደብተሩ ልክ ቢሞላ፣ ማነጣጠሪያውን ደግሞ በደብተሩ ፍጥነት ቢያስተካክል፣ ጥይቱ የት ያርፋል?»

ታኒ ሌንቺ ብዙ አሰበች። ከዚያ እጇን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንስታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ አንዴ ለካች፣ ደገመች።

ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሎ።

*

ቅዳሜ ሙቀቱ ሌላ ነበር። እንሽላሊቶቹ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየሩ ይቆማሉ፣ የተደፋ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይመለሳል፣ ኦም ጌርትም ቋሊማውን ያለ እሳት ጠበሰ እየተባለ ይወራል። ሦስቱ ቀን ስላለቀ ነው እንዲህ የማወራው።

ታኒ ሌንቺ ጠመንጃዋን አላመጣችም። ከተኳሾቹ ኋላ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ኢንስፔክተሯ አጠገቧ። ለእኔ ሰላም አላለችኝም። እኔ እንደ ሠላሳው ዓመት ሁሉ ከዒላማዎቹ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ወረድኩ። ሥራዬ ቀላል ነው። ተኩሱ ሲቆም ዒላማውን አወርዳለሁ፣ ቀዳዳውን አይቼ በሬዲዮ እናገራለሁ፣ ለጥፌ መልሼ እሰቅላለሁ። ከጉድጓዱ ሆነህ ተኳሹን አታይም፤ የምታውቀው የዒላማውን ቁጥር ብቻ ነው። አሥራ አራት ዒላማ፣ አሥራ አራት ሰው።

የፊተኞቹ ዙሮች ጠዋት ያለ ችግር አለፉ፤ የስድስት መቶው ሜትር ቀትር ላይ ጀመረ። ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። ቷ። ቷ። ከዚያ ተኩስ። ከዚያ ደግሞ ቷ። ሦስተኛው ዒላማ የኦም ጌርት እንደሆነ ከመዶሻው አውቄዋለሁ፤ አህያ የገዛ ሰው ንዴት ነበረበት፣ ጥይቶቹ ግን መሐል ናቸው። ሰባተኛው ተበታትኗል። ዘጠነኛውን አንድ ጥይት ብቻ ነክታዋለች፣ እሷም በስህተት።

አሥራ አንደኛውን አወረድኩ።

አምስት ቀዳዳ። አምስቱን በመዳፌ ሸፈንኳቸው፣ አንዱም አልወጣም። በሕይወቴ እንዲህ የተቃቀፉ ቀዳዳዎች ያየሁት የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከመሐሉ ጀምሬ ወደ ታች በጣቴ ለካሁ። አንድ ስንዝር። ሁለት።

ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ዒላማ አሥራ አንድ። አምስቱም በአንድ መዳፍ። ሁለት ስንዝር ዝቅ።»

የኢንስፔክተሯ ድምፅ መጣ።

«ስቶፈል፣ እየቀለድክ ከሆነ ዛሬውኑ ነው የምወስድህ።»

ሃምሳ ስድስት ዓመት የተናገርኩት ሁሉ ተሰልፎ ሲያየኝ ተሰማኝ። ያን ቀን አንድ ሰው ብቻ ቢያምነኝ፣ ሌላ አልፈልግም ነበር።

«አልቀልድም» አልኩ። «ሁለት ስንዝር።»

ቀጥሎ የሰማሁት የታኒ ሌንቺን ድምፅ ነው፤ ሬዲዮውን ከኢንስፔክተሯ እጅ ነጥቃ።

«እውነቱን ነው። ሲዋሽ በስንዝር አይለካም።»

ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ተኩስ ቆመ። ስድስት መቶ ሜትሩን ሮጥኩት። ጥላዬ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ቀረ። ስደርስ ሰዉ ሁሉ በአሥራ አንደኛው ምንጣፍ ዙሪያ ቆሟል፤ ምንጣፉ ላይ ደግሞ በሆዳቸው ተኝተው፣ የማነጣጠሪያቸውን ቁልፍ እያዩ ግራ የገባቸው ፓስተር ዊናንድ ነበሩ። በዚያ ሁሉ የመዶሻ ውርጅብኝ መሐል የእሳቸው ማቀባበያ በአንድ ጣት ነበር ሲከፈት የዋለው፤ ኢንስፔክተሯ ከኋላ ሆና አይታዋለች። ክርናቸው ሥር በራሳቸው እጅ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት አለች፤ የባሩድ ልክና ፍጥነት።

ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ፓስተር፣ ይህን ቁጥር ከየት አገኙት?»

ፓስተሩ ወረቀቱን አዩት። ታኒ ሌንቺን አዩ። ከዚያ እኔን። እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ከታኒ ሌንቺ ደብተር ላይ ገልብጬ» አሉ።

ኦም ጌርት አፉን ከፍቶ ቀረ። «የሰው የባሩድ ደብተር አመኑ?»

«ተጽፎ ነበር እኮ» አሉ ፓስተሩ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መጨረሻ ላይ ግን ያልሳቀ አልነበረም። ሰውየው ሥራቸው የተጻፈ ማመን ነው፤ ምን ያድርጉ?

የቀረውን እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ። ባለፈው እሑድ ታኒ ሌንቺ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እኔ ጥይቴን ሞልቼ ጨርሻለሁ ብላቸዋለች። ይህን ደግሞ ተወዳዳሪ ሁሉ ከውድድር በፊት ይለዋል፣ የሌላውን ልብ ለማውረድ። ፓስተሩ እሱንም አመኑ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ትርፍራፊ መሰላቸው። እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው የወተት ቤቱን በር ክፍት አገኙት፤ ከባርኔጣዋ ሥር ባለው ቁልፍ ሣጥኑን ከፍተው ባሩዱን በጣሳ ገለበጡ፣ ልኩንም ከደብተሩ ቀዱ። መደብሩ ባሩድ ሲያመጣ ገዝተው ሊተኩላት፣ እስከዚያ ቆርቆሮውን ባዶ አግኝታ እንዳታዝን፣ አሮጊቶቹን አድርሰው ተመልሰው መጥተው ሻይ ሞሉበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስብከታቸው ላይ የሚያንቀላፋ ሕዝብ አንድ ጊዜ ዒላማ ሲመቱ ቢያይ ይሰማኛል ብለው ነበር። ረቡዕ ነገሩ ሲወራ ጥይቱን ሞልተው ጨርሰዋል።

«ሦስት ጊዜ ደጅሽ ደርሼ ተመለስኩ» አሏት። «ስቶፈልን ግን ቢወስዱት ኖሮ እናገር ነበር።»

አምናቸዋለሁ። ትንሽ ትንሽ።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን አወጣች። ያን ጊዜ ታኒ ሌንቺ በወንበሩ መደገፊያ ተደግፋ ተነሳች።

«ባሩዱን እኔ ነኝ ያዋስኳቸው» አለች። «ረስቼው ነው።»

«ሻዩስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ የጨመርኩት። አርጅቻለሁ።»

ኦም ጌርት ወዲያው፣ ስታዋሳቸው አይቻለሁ አለ። ማክሰኞ አርባ ሰው ፊት ጨረታ ላይ ተኝቶ የነበረው ኦም ጌርት። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ማስታወሻዋን ዘጋችው።

«በዚህ ከተማ የማይዋሽ አንድ ሰው አገኘሁ» አለች፤ «እሱም ሌባው ነው።»

ፓስተሩ የተረፈውን ባሩድ ከነጣሳው መለሱ። ቅጣታቸውን ታኒ ሌንቺ ራሷ ፈረደች፤ እስከሚቀጥለው መጋቢት በየውድድሩ ከእኔ ጋር ጉድጓድ ወርደው ዒላማ ይለጥፋሉ። ለእኔ ግን ከኢንስፔክተሯ ጋር ወደ ፒክአፑ ስትሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ዋንጫውን ኦም ጌርት በላ። በአሥረኛ ዓመቱ። ሲቀበል ፊቱ የተሸነፈ ይመስል ነበር፤ ዋንጫውን ይዞ ታኒ ሌንቺ ጋ ሄደና፣ ያላንቺ ይህ ቆርቆሮ ነው አላት። እሷም ታዲያ ባሩድ ክተትበት አለችው።

*

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ታኒ ሌንቺ ደወለችልኝ። ና፣ አለችኝ፣ ዘጋችው።

አንድ ችግር ተፈጥሮ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለውን ልክ ሁሉም ከፓስተሩ ወረቀት አይቶታል፤ ሁለት ስንዝር መውረዱንም ሁሉም ሰምቷል። የውድድሩ ለታ ማታ ብራክፑት ውስጥ እርሳስና ወረቀት ይዞ ያልተቀመጠ ሰው አልነበረም። በማግስቱ የታኒ ሌንቺ እውነተኛ ልክ በከተማው ሁሉ እንደ መዝሙር ይታወቅ ነበር። ባሩዱም ቢሆን ከዚህ ወዲያ የለም።

ደፉ ላይ ቆምኩ። አልረገጥኩትም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ ከውስጥ። «ቀለሆቹ ራሳቸውን አይደረድሩም።»

ገባሁ። ይቅርታ አላለችኝም፤ ደርቆ የተጠበሰ የበግ ጎድን በሳህን አቅርባ፣ ትልቁን ወደ እኔ አዞረችው። መሬት ላይ ሦስት የባሩድ ቆርቆሮ ተደርድሯል። አንዱን ፓስተሩ ከኬፕ አስልከው ነው፤ አንዱን ኦም ጌርት፣ በገዛ ቆርቆሮው ሆኖ፣ አምጥቷል፤ ሦስተኛውን ደግሞ መደብሩ ባሩድ ሲያመጣ ራሷ ደርሳ ገዝታለች። እንደ ደንቡ አንዱን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ሁለቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ሳምንት መዘንን፣ ሞላን፣ ሜዳ ወጥተን ተኮስን። ጠዋት በቅዝቃዜ፣ ቀትር በሙቀት። አንደኛው ቀትር ላይ አበደ። ሁለተኛው ጨዋ ነው ግን ሰነፍ ነው። ሦስተኛው፣ የፓስተሩ፣ ጠዋትም ቀትርም አንድ ጠባይ ሆኖ ተገኘ፤ ታኒ ሌንቺ አምስቱን ቀዳዳ በመዳፏ ሸፈነቻቸው።

አዲስ ደብተር ገዝታ ነበር። እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ስንት ቀንሼ ልጻፍ?» አልኳት።

«ምንም አትቀንስ። እውነተኛውን ጻፍ።»

«እውነተኛውን? ግድግዳው ላይ?»

«በአንተ እጅ ጽሑፍ» አለችኝ፤ አረሩን ቀለሁ ላይ እየተከለች።

ጻፍኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ። ኦም ጌርት ሁለት ጊዜ መጥቶ አንብቦታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስቆ ወጥቷል።